የግፊት መለኪያ በየቤቱ ሲገባ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሬን የሚያንኳኳው ሰው አልቀነሰም፤ ይዞት የሚመጣው ነገር ግን ተለውጧል። ድሮ ክንዱን ብቻ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አሁን ካርቶን ይዞ ይመጣል። ካርቶኑ ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ አለ። ልጁ ገዝቶለታል፣ ወይም ዘመድ ከዱባይ አምጥቶለታል፣ ወይም ራሱ መርካቶ ወርዶ ገዝቶታል። «ሲስተር፣ ይሄ ነገር ደህና ነው?» ይለኛል። ቁጭ በል እለዋለሁ። መጀመሪያ የማየው ታዲያ ማሽኑን ሳይሆን የክንዱን ውፍረት ነው።

ስሜ ወይንሸት ነው፤ ነርስ ነበርኩ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍኩት በአቃቂና በቃሊቲ መካከል ነው። አብረውኝ ከተመረቁት መካከል ጎንደር የተመደቡ፣ ጅማ የተመደቡ፣ ከዚያም አልፈው ድንበር ድረስ የዘለቁ አሉ። የእኔ አንዱ ምድብ ከሌላው የሚርቀው ግን ጥቂት የታክሲ ፌርማታ ብቻ ነበር። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ የማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ስለ ወረቀቱም እንዲሁ፤ ብዙ ነበር። ስለ ሥራው ግን የምለው አለኝ፤ በተለይ ስለዚህ ከክንድ ላይ ቁጥር ስለማንበብ ሥራ። ሰው ሁሉ ቀላል ይመስለዋል፤ እኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ነበር። እዚያ ያገኘኋቸው ጋሽ ተክሌ የሚባሉ ድሬሰር ናቸው። ድሬሰር የሚባለው በዚያ ዘመን ቁስል ከማጠብ ጀምሮ መርፌ እስከ መውጋት ሁሉን የሚሠራ የጤና ረዳት ነው። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ አቃቂ ተወልደው አቃቂ ያደጉ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ነበሩ። በፋብሪካው ውስጥ ድምፅ ሳያነሱ መናገር ራሱ ያልተለመደ ነገር ነው። ሸማኔዎቹ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ጆሯቸው የደከመ ስለሆነ ክሊኒክ ሲገቡም እየጮሁ ነበር የሚያወሩት። ጋሽ ተክሌ ግን ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ሰውየው ለመስማት ሲል ዝም ይላል። ይህን ዘዴ ነው ብለው አልነገሩኝም። እኔ ነኝ ቆይቼ የደረስኩበት።

ግፊት ሲለኩ ሥርዓት ነበራቸው። የመለኪያውን ሳጥን ይከፍቱና ጎንበስ ብለው ሜርኩሪው ዜሮ ላይ መቆሙን ያያሉ። የማዳመጫውን ቅዝቃዜ በመዳፋቸው አሸት አሸት አድርገው ያጠፋሉ። ሰውየውን ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ያስቀምጡታል፤ እግሩን መሬት ያስረግጡታል፤ ሹራቡን ያስወልቁታል። «ሽንትህን ሸንተሃል?» ብለው ይጠይቁታል። ብዙ ሰው በዚህ ጥያቄ ያፍር ነበር። ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። ፋሻ ያጣጥፋሉ፣ መቀስ ይቀቅላሉ፣ ሰውየው ብቻውን ይቀመጣል። የረሱት ይመስላል፤ ግን አልረሱትም።

አንድ ቀን የክፍል ኃላፊው አንዱን ሸማኔ ፍለጋ እየተጣደፈ ገባ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ቶሎ በሉ እንጂ! ማሽኑ እኮ ቆሟል!»

«ይቁም» አሉት ፋሻቸውን እያጣጠፉ። «እኛ የተቀመጥነው የዚህ ሰውዬ ማሽን እንዳይቆም ነው።»

ኃላፊው በሩ ላይ ቆመ። ሸማኔው ሳቀ። ጋሽ ተክሌም «አሁን ስለሳቅህ እንደገና ትቆያለህ» ብለው ሌላ ፋሻ አነሱ።

እኔን ያስተማሩኝ በራሴ ክንድ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሰው ሁሉ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይታየኝ ነበር። አንድ ከሰዓት ሥራ ቀለል ሲል «ነይ እስኪ ልለካሽ» አሉኝ። እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ፤ ክንዴን ወደ ታች አንጠልጥዬ ስለ ቤተሰቤ እያወራሁላቸው ለኩኝ። ቁጥሩን ሲነግሩኝ ደነገጥኩ። ቀጥለው አንድም ቃል ሳይናገሩ እግሬን መሬት አስረገጡኝ፤ ክንዴን በልቤ ትክክል ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት፤ ሌባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝ። ቆይተው ሲለኩኝ ቁጥሩ የጤነኛ ሰው ቁጥር ሆነ።

«አየሽ» አሉኝ፣ «አንቺ ጤነኛ ነሽ። ቅድም በሽተኛ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ።»

ስለ ግፊት ትምህርት ቤት ከተማርኩት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ጋሽ ተክሌ ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ፋብሪካውም ሠራተኛ መቀነስ ሲጀምር እኔ ወደ ቃሊቲ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ።

ቃሊቲ ሌላ ዓለም ነው። ቀኑን ሙሉ ከባድ መኪና ያልፋል፤ መጋዘን በመጋዘን ላይ ነው። በማረሚያ ቤቱ በኩል ጠያቂዎች ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ለእነሱ ሳሙናና ብስኩት የሚሸጡ፣ ስልካቸውንም የሚያስቀምጡ ትንንሽ ኪዮስኮች አሉ። ከነዚህ ኪዮስኮች የአንዷ ባለቤት ከስልጤ የመጣች ሸምሲያ የምትባል ሴት ነበረች። ቀልጣፋ፣ ጨዋታ አዋቂ ነች። ጤና ጣቢያ ስትመጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ግፊቷም በመጣች ቁጥር ከፍ ብሎ ይገኛል። አንድ መድኃኒት ተጀመረላት፤ አልወረደም። ሁለተኛ ተጨመረላት። ከዚያ አንድ ቀን ለደንበኛ ሳሙና ልታወርድ ስትነሳ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ጎረቤቶቿ ተሸክመው አመጧት።

ያኔ የነበረው ሐኪም ወጣት ነበር፤ ግን የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ካርዷን አገላብጦ ሲያበቃ እሷን መጠየቅ ጀመረ።

«እዚህ ስትመጪ ምን ይሰማሻል?»

«ባለቤቴ በዚህ በር ነው የገባው» አለች። «ወደ ሆስፒታል ላኩት፣ አልተመለሰም። ይሄን ነጭ ልብስ ሳይ ያ ቀን ይመጣብኛል።»

ሐኪሙ የክንድ መለኪያ ማሽን አስወጣና ለሳምንት ይዛ ወደ ቤቷ እንድትሄድ አደረገ። አጠቃቀሙን ለእሷና ለልጇ እንዳስረዳ እኔን አዘዘኝ። ጋሽ ተክሌ የሚያደርጉትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጠዋት ኪኒን ከመዋጥ በፊት፣ ማታ ደግሞ ከመተኛት በፊት፣ በየጊዜው ሁለት ሁለቴ፣ በመካከሉ ጥቂት አረፍ ብሎ መለካት ነው። ቡና ከጠጡ፣ ደረጃ ከወጡ ወይም ከተጨቃጨቁ ቆይቶ ነው። ልጅቷ ቁጥሩን በስልኳ ይዛ መጣች። ሸምሲያ በቤቷ ግፊቷ ጤነኛ ነበር፤ እንዲያውም በመድኃኒቱ ብዛት ዝቅ ብሎ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀነሰላት። ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም።

የቤት መለኪያ ምን እንደሚጠቅም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኛ የምናየው ሰውየውን በእኛ ወንበር ላይ ነው፤ እሱ ግን የሚኖረው በራሱ ወንበር ላይ ነው። ይህን ሁሉም አልተቀበለውም። ከዚያ በኋላ የመጣ አንድ ኃላፊ «ከቤት የመጣ ቁጥር ካርድ ላይ አይጻፍም» ብሎ ነበር፤ ቀጥላ የመጣችው ደግሞ «ካልጻፋችሁ ለምን ይለካሉ?» አለች። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። በዚያ መሐል ማሽኑ በየቤቱ ገባ። የክንድ አለ፣ የእጅ አንጓ አለ፣ ጣት ላይ የሚገባም አለ። ሕዝቡ እኛን ሳይጠብቅ መለካት ጀመረ።

ከነዚህ ለኪዎች አንዱ ሰይፉ ነበር። ተሳቢ መኪና ነጂ ነው፤ ከሞጆም ከጅቡቲም ዕቃ ያመላልሳል። ክንዱ የአንድ ሰው ጭን ያህላል፤ ሳቁ ከግቢው ውጭ ይሰማል። ግፊቱ ከተገኘበት ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱን ሲፈልግ ይውጣል፣ ሳይፈልግ ይተዋል፤ መንገድ ላይ ሽንት ያበዛብኛል ይላል። ባለቤቱ እታፈራሁ መጋዘን ውስጥ ቦሎቄ ትለቅማለች። ኪኒኑ ሲያልቅ የምትመጣው እሷ ነበረች።

አንድ ጠዋት ራሱ መጣ። ከጃኬቱ ኪስ የእጅ ሰዓት የምታክል ማሽን አውጥቶ አንጓው ላይ አሰራት።

«ሲስተር፣ ከእንግዲህ አታስፈራሪኝም። የራሴን ዳኛ ገዝቻለሁ።»

«እስኪ እንዴት እንደምትለካ አሳየኝ» አልኩት።

ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ጉንጩን በጡጫው ደገፈ፤ ሰው ሲተክዝ እንደሚያደርገው። ማሽኗ ነፋች፣ ረገበች፣ ቁጥር አወጣች። ያማረ ቁጥር ነበር። እንዲህ ዓይነቷ ማሽን የምትነግረው እጅ ያለበትን ከፍታ ጭምር ነው። እጅ ከልብ በላይ ከሆነ ቁጥሩ ያንሳል፤ ከልብ በታች ከሆነ ይጨምራል። እጁን ይዤ ደረቱ ላይ፣ በልቡ ትክክል አደረግሁለትና እንደገና አስለካሁት። ቁጥሩ ከፍ አለ። ቀጥዬ በእኛው መለኪያ፣ ክንድ ላይ በሚጠመጠመው በትልቁ መጠቅለያ ለካሁት። ያም ከፍ ያለ ነበር።

ሰይፉ ሳቀ። «አየሽ! አንቺ ስትነኪው ይጨምራል፤ እኔ ስይዘው ይቀንሳል። ታዲያ በሽታው ከማን ነው?»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሐኪሙም ጠርቶ አስረዳው። አዎ አዎ ብሎ ሰማ፤ ወደ መኪናው ሄደ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። በስልክ ደወልንለት። «ደህና ነኝ፣ አሁን ለክቼ መቶ ሃያ ነው!» እያለ ከመኪናው ጩኸት ጋር ይመልስልናል። እታፈራሁ ኪኒን ልትወስድ መምጣቷን ስታቆም እሷንም ጠየቅኋት። «ሲስተር፣ ማሽኑ ድነሃል ብሎታል፤ እኔ ምን ልበል?» አለችኝ። ለሐኪሙ ነገርኩ፤ እሱም ደጋግሞ ደወለ። ከዚያች ትንሽ ማሽን ጋር ተወዳድረን የተሸነፍነው እንዲህ ነው። እኛ ሁልጊዜ መጥፎ ወሬ እንነግረዋለን፤ እሷ ሁልጊዜ ጥሩ ወሬ ትነግረዋለች።

ከዚያ አንድ ቀን በጠዋት፣ ቃሊቲ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሰይፉ ወደ ጋቢናው ሊወጣ እጀታውን ሲይዝ ግራ እጁ አልጨበጥ አለው። እንደገና ሞከረ፤ ወደቀ። ጓደኞቹ እንቅልፍ ያልጠገበ መሰላቸው። ጥላ ሥር አስተኝተው ለስላሳ አጠጡት፤ የጠጣው በከንፈሩ ጥግ ፈሰሰ። ያን ሲያዩ ነው ወደ እታፈራሁ የደወሉት፤ እሷም ወደ እኔ። ስደርስ ፊቱ በግራ በኩል ወርዷል፤ ሊናገር ይሞክራል፣ ቃሉ ይቀላቀልበታል።

«መቼ ነው የጀመረው?» አልኩ።

«ትንሽ ቆየ» አለኝ አንዱ ነጂ። «ይሻለዋል ብለን ነው ሲስተር።»

በሚኒባስ ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ የደም ሥር ተዘግቶ ነበር፤ ስትሮክ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይተኛም፣ ለስላሳም አይጠጣም፣ ግፊቱ እስኪለካም አይጠበቅም፤ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል ወይም አፍ ሲተሳሰር ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ይህን ነጂዎቹ ያን ቀን አላወቁም ነበር። አሁን ያውቃሉ። በኋላ እታፈራሁ መኪናውን ስትፈትሽ የኪኒኑ ማሸጊያ እንደሞላ ጋቢናው ውስጥ ተገኘ። ሰይፉ አልሞተም፤ ግን ከዚያ ወዲህ መኪና አልነዳም። ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ግራ እጁ አይታዘዘውም፣ ንግግሩ ዘግይቶ ነው የተመለሰለት፤ ያም በሙሉ አይደለም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሕመምተኛ ሲሞት አይቻለሁ። ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የእሱ ነው፤ ምክንያቱም እየተሳሳቅን ነው የሆነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ግፊቱ ቤቱ ውስጥ ይለካ አለ። እታፈራሁ ይህን ስትሰማ ተቆጣች።

«ማሽን የሚባል ነገር ሁለተኛ ቤቴ አይገባም! ያንን በድንጋይ ቀጥቅጬ ነው የጣልኩት!»

ያን ቀን አልተከራከርኳትም። ከሳምንት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ሰይፉ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። እሷ ቡና ላፍላ አለች፤ አይ አልኩና ከቦርሳዬ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣሁ።

«ምን ልትሰፉ ነው ሲስተር?» አለች።

«ክንዱን ልለካ ነው።»

የቀኝ ክንዱን፣ ደህነኛውን፣ በትከሻውና በክርኑ መካከል ለካሁ። «ተመልከቺ» አልኳት፣ «ለዚህ ክንድ በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ተራ መጠቅለያ አይበቃም። ጠባብ መጠቅለያ ውሸት ነው የሚያወጣው፤ የሌለ ግፊት ይጨምራል። ትልቁን ነው የምንገዛው።»

«እኔ ውሸቱን ከእውነቱ በምን ልለየው?»

«ገዝተን ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን። ከእኛው ጋር ባንድ ክንድ ላይ እናስተያየዋለን። ካልተስማማ እንመልሰዋለን፤ ሻጩንም አስቀድመን በዚህ እናስምለዋለን።»

አብረን ወደ ሕክምና ዕቃ መሸጫው ሄድን። ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣው የእጅ አንጓውን ነበር። «ለአያያዝ ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው የሚወስደው ይሄን ነው» አለ። እታፈራሁ ወደ ኋላ ሸሸት አለች፤ ባለሱቁ ለምን እንደሆነ አልገባውም። የክንድ አውጣልን አልኩት። ካርቶኑ ላይ መፈተኑን የሚገልጸውን ጽሑፍና መጠቅለያው ለምን ያህል ክንድ እንደሚሆን አነበብኩ። በመብራት ብቻ ሳይሆን በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ መሆኑን አየሁ፤ እኛ ሰፈር መብራት የሚመጣውም የሚሄደውም ሳይነገር ነው። ቁጥሩ ትልልቅ ሆኖ እንዲታይም ፈለግሁ፤ እታፈራሁ ዓይኗ ደክሟል። ከዚያ በላይ ያለው ጌጥ፣ የሚናገረውም፣ ከስልክ ጋር የሚገናኘውም፣ ለእሷ አይጠቅማትም። ትልቁን መጠቅለያ ባለሱቁ ከሌላ ሱቅ አስመጣልን። ጤና ጣቢያ ወስደን አስተያየነው፤ ተስማማ።

እታፈራሁ ግን ሌላ ችግር አመጣች። ቁጥሩ ከፍ ሲል ትደነግጥና እንደገና ትለካዋለች፤ አሁንም እንደገና። ዝቅ ያለ ቁጥር እስክታገኝ አትተወውም፤ ለሐኪሙም የምትነግረው ያንን የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሰይፉ ክንዱ እስኪቀላ ይታሰራል፣ ይፈታል። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አየሁና ነገርኳት።

«እታፈራሁ፣ እንዲህ ከሆነ ያቺ የድሮዋ ማሽን ተመለሰች ማለት ነው።»

ከባድ ቃል ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ከፍ ያለውን ሳይ ያን ጠዋት እንደወደቀው የሚወድቅ ይመስለኛል» አለች። ሰይፉ ሰማት፤ ቀኝ እጁን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ።

እኔ ጡረታ ወጣሁ። ጤና ጣቢያው ትንሽ ሻይ አዘጋጀልኝ፤ አንድ ሁለት ሰው ንግግር አደረገ። አሁን ቤቴ ነኝ፤ ካርቶን ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ክንዱን እለካለሁ፣ እግሩን መሬት አስረግጣለሁ፣ ዝም አሰኛለሁ። ማሽኑ የሐኪም ምትክ እንዳልሆነ፣ በአንድ ቀን ቁጥር ኪኒን እንደማይጀመርና እንደማይቆም እነግራለሁ። አንዳንዱ ይሰማል፣ አንዳንዱ አይሰማም።

በቅርቡ በጠዋት ስልኬ ጮኸ። እታፈራሁ ነበረች።

«ሲስተር፣ እንዴት አደሩ? ዛሬስ ጥሩ አይደለም። ሁለቴ ለካሁት። ትንሽ ይረፍና ልድገመው እንዴ? ምናልባት እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል…»

«ምን አለ ቁጥሩ?»

ከመመለሷ በፊት ከኋላዋ የሰይፉ ድምፅ መጣ። ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ ነው የሚናገረው፤ ግን ግልጽ ነበር።

«የመጣውን ንገሪያት።»

ነገረችኝ። ሁለቱንም ቁጥር፣ ከላይና ከታች፣ ሳትቀንስ ነገረችኝ። የሚያመው ነገር እንዳለ፣ እጅ እግሩን፣ ንግግሩን ጠየቅኋት፤ አዲስ ነገር የለም አለች። ኪኒኑን ይውሰድ፣ ቁርሱን ይብላ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ አልኳት። ሄዱ። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካከለለት፤ ከዚያ ወዲህ በሚደውሉባቸው ጠዋቶች ቁጥሩ እየወረደ ነው። ስልኩን አሁን የሚይዘው እሱ ነው። ቁጥሩን ለመጥራት ጊዜ ይወስድበታል፤ እታፈራሁም አታግዘውም፣ እኔም አልጨርስለትም። እስኪጨርስ እንጠብቀዋለን።